የስካርቪካ ብቸኛ ተመልካች

በስካርቪካ ሰልፍ የሚወጣ እንጂ ሰልፍ የሚያይ ሰው አልነበረም። የሕገ መንግሥቱ በዓል በሚከበርበት በሜይ አሥራ ሰባት ጠዋት ከተማዋ እንዳለች ከትምህርት ቤቱ ግቢ ትነሣና ዋናውን መንገድ ይዛ ወደ ወደቡ ትወርዳለች። የሙዚቃ ባንዱ ይነፋል፤ ሕፃናቱ ባንዲራ ያውለበልባሉ፤ ሴቶቹ ከአያት የወረሱትን ባለ ጥልፍ ቀሚስ በብር ጌጥ አድምቀው፣ ከሥሩ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ደርበው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ፈገግ ይላሉ። «ሁራ!» ይላል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ግን ከአጥርና ከባሕር ወፍ በቀር የሚሰማ የለም።

የለም ማለት እንኳ ግፍ ነው፤ አንድ ሰው ነበረ። ሃልቫን ይባላል። መንገዱ ከመታጠፉ በፊት ያለችው ቢጫ የእንጨት ቤት የእሱ ናት። በየዓመቱ በዚያች ቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ የድንጋይ ደረጃው ላይ ይወጣና እጁን አጣጥፎ ይቆማል። አያጨበጭብም፣ ባንዲራ አይዝም፣ ሁራ አይልም። ያያል፣ በቃ። ያም ሆኖ ከትምህርት ቤቱ ጀምሮ እየተንጠባጠበ የመጣው ሰልፈኛ ሁሉ እሱ ደጅ ሲደርስ ደረቱን ይነፋል፤ ባንዱም የሚያውቀውን አንድ ከባድ ዜማ ለዚያች ደጅ ያቆየዋል። ምን ያድርጉ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የዓሣ ፋብሪካው በደህናው ጊዜ ስካርቪካ ሰልፈኛም ተመልካችም የሞላት ከተማ ነበረች። ፋብሪካው ተዘግቶ ወጣቱ ወደ ደቡብ ሲነጉድ ሰልፉም በሙቅ ውኃ እንደታጠበ ሹራብ እያጠረ መጣ። ይህስ ይቻል ነበር፤ ከባሕሩ ማዶ ያለችው የለርቮይ ከተማ ሰዎች «የእኛ ሰልፍ ራሱ ወደብ ሲደርስ ጭራው ገና ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም፤ የእነሱማ የዳቦ ወረፋ ነው የሚመስለው» ብለው ባያወሩ ኖሮ። ወሬው በጀልባ ተሻግሮ ሲደርስ የበዓሉ ኮሚቴ ተቆጣ። በመጀመሪያው ዓመት መንገድ ዳር ቆመው የሚያዩትን ጎረምሶች ሰብስቦ «የስፖርት ወዳጆች» ብሎ አሰለፈ። በሚቀጥለው ሽማግሌዎቹን ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው አወጣ። ከዚያ ባለሱቁን፣ ቄሱን፣ አራሶቹን ከነሕፃን ጋሪያቸው። የውሻ ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። የቼዝ ክለቡ የነበሩት አባላት ሁለት ብቻ ሲሆኑ እነሱም ተኳርፈዋል፤ ስለዚህ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ይሄዱ ጀመር፣ ኮሚቴውም «ጥሩ ነው፣ ያረዝመዋል» አለ። ሰልፉ እውነትም ረዘመ፣ ለርቮዮችም አፋቸውን ያዙ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ተመልካች የሚባል ዘር ከከተማዋ መጥፋቱን ያስተዋለ ግን አልነበረም።

ሃልቫን ያልተሰለፈው የሚጠይቀው ጠፍቶ አይደለም። ነገሩ ሥር አለው።

በጎልማሳነቱ ባንዲራ ያዡ እሱ ነበር። ቁመቱ ዘለግ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ ነው። በቀኙ የሚሄደው የልብ ጓደኛው ቶርላይቭ ነበር። አብረው አድገዋል፣ በአንድ ጀልባ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው መሐረብ ያወጣል። በዚያ ዓመት ከባሕሩ የተነሣው ነፋስ ባንዲራውን ከነሃልቫን ሊወስድ ደረሰ። ሃልቫን እንደ ባሕርተኛ አሰበ፤ ነፋስ ሲበረታ ከለላ ይፈለጋል። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፍ ሲገባው ወደ ዓሣ መጋዘኑ ጀርባ ታጠፈ። ከለላው ግሩም ነበር። ችግሩ ያ መንገድ ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት ድልድይ ላይ ወጥቶ ባሕሩ ውስጥ ማለቁ ነው።

ሌላ ከተማ ቢሆን ከኋላ ያለው ሰው «ወዴት ነው የምትወስደን?» ይላል። በስካርቪካ ከባንዲራ ኋላ የሚሄድ ሰው አይጠይቅም፤ ይሄዳል። ሃልቫን ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆመ። ባንዱ እየነፋ መጣበት፤ ከባንዱ ኋላ ሕፃናቱ፣ ከሕፃናቱ ኋላ ሕዝቡ ተጠጋ። ለሚመጣው ሕዝብ ቦታ ልልቀቅ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ያለው የያኔው ከንቲባ ከነሜዳሊያው ባሕር ገባ። ባንዱ ዜማውን አላቋረጠም። ከንቲባውን በጀልባ መንጠቆ አወጡት። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ቱባ የሚባለውን ትልቅ ጥሩምባና ከበሮውን፣ ጋሪውንና ሕፃኑን ይዞ፣ እርስ በርሱ እየተረጋገጠ የኋሊት እየተራመደ ወጣ።

ኮሚቴው በማግስቱ ተሰብስቦ ባንዲራውን ከሃልቫን ወሰደና ለቶርላይቭ ሰጠ። ለሃልቫን ከሰልፉ መጨረሻ፣ የአርበኞቹን ጋሪ ከሚጎትተው ፈረስ ኋላ ቦታ ሰጡት። «ፈረሱ ሲሄድ ምን እንደሚጥል ታውቃላችሁ» አለ ሃልቫንና ጥሎ ወጣ።

ያበገነው ግን ፈረሱ አልነበረም። ቶርላይቭ «የጓደኛዬን አልወስድም» ይላል ብሎ ጠብቆ ነበር። ቶርላይቭ አላለም። ለምን እንዳላለ ሃልቫን አልጠየቀውም፤ ቢጠይቀው ኖሮ ምናልባት ነገሩ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር። ጀልባዋን ሸጡ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ከተገጣጠሙ አንዱ የሳሙናውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ሌላው የቆርቆሮውን ዓሣ ማገላበጥ ሆነ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ሃልቫን ሙሉ ፓኮ ውጧል።

በሚቀጥለው ዓመት ሃልቫን ደረጃው ላይ የቆመው ለማየት አልነበረም፤ አለመሰለፉ እንዲታይለት ነው። ቶርላይቭ ባንዲራውን ይዞ ደጁ ሲደርስ ዘንጉ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። የሃልቫን አፍ ከራሱ ከሃልቫን ቀደመ።

«ተጣሟል» አለ።

ቶርላይቭ ዞር ሳይል ዘንጉን አቃናና አለፈ። በሚመጣውም ዓመት ዘንጉ ዘንበል አለ፤ ሃልቫን «ተጣሟል» አለ፤ ቶርላይቭ አቃናው። እንዲህ ሆኖ ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ። በዓመት አንድ ቃል፣ ከዚያ ውጭ በሁለቱ መካከል ምንም። «ይሄን ሁሉ ዘመን ይዞት አንድ ዘንግ ማቃናት አቃተው እኮ» እያለ ሃልቫን ለድመቱ ያወራል። ቃሏን ግን ከኤፕሪል ጀምሮ ነበር የሚጠብቃት፤ ይህን ለድመቷም አልነገረም።

ከዚያ በአንዱ የበረዶ ክረምት ቶርላይቭ ታመመ። ሃልቫን ነገሩን ከባለሱቁ ሰማ፤ ነገ ሄጄ እጠይቀዋለሁ እያለ ነገን በነገ ላይ ሲጨምር ቶርላይቭ በፌብሩዋሪ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሃልቫን ከሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር። ከልቡ አዘነ፤ ሐዘኑን ለማን እንደሚናገር ግን አላወቀም፤ የተጣላ ሰው ሲሞትበት «እግዚአብሔር ያጽናህ» የሚለው የለም።

ኤፕሪል ላይ ቦርጊል መጣች። የትምህርት ቤቱ ዋና አስተማሪና የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፤ በሕፃን ጋሪ ከተሰለፈችበት ዓመት ጀምሮ ሃልቫን ከደረጃው ላይ እያያት ነው ያደገችው።

«ጋሽ ሃልቫን፣ ልቀመጥ?»

«ቆመሽ ልታድሪ ነው እንዴ የመጣሽው? ተቀመጪ።»

«ባንዲራውን እንድትይዝልን ነው።»

ሃልቫን ወደ ድመቷ ዞረ።

«ሌላ ሰው ጠፍቶ?»

«እውነቱን ልንገርህ? አዎ፣ ጠፍቶ። ግማሹ ወገቤን፣ ግማሹ ጉልበቴን ይላል። ወጣቶቹ ደግሞ ስልካችንን በምን እጃችን እንያዝ ይሉኛል።»

«እንግዲያው ወገቡን የሚያመው ሁሉ እኔን ቀድሞ ተጠይቋላ።»

«በል አታክርረው። ራግናም አንተ እንድትይዘው ነው የምትፈልገው።»

ራግና የቶርላይቭ ሚስት ናት።

«እሷ ናት ያለችው?»

«እሷው ናት።»

«እኔ ቀጥ አድርጌ ነው የምይዘው፣ ልንገርሽ።»

«እሱን ማንም አልጠረጠረም። ብቻ እባክህን፣ የምትታጠፈው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው።»

«አሁን ተነሥተሽ ውጪልኝ» አለ ሃልቫን፤ እየሳቀ ግን ነበር።

እንደወጣች መጥረጊያ አንሥቶ ሳሎኑ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ይዞ ሲዞር የጣሪያውን መብራት ሰበረ። ሕይወቱን ሙሉ የፈለገው ይህ ነበር፤ አንዲት ጊዜ ባንዲራውን ከትምህርት ቤቱ እስከ መጨረሻው ያለ እንከን ማድረስ፣ ሕዝቡም «ለካ ሃልቫን ይችል ነበር» ሲል መስማት። አሁን ሊያገኘው ነው። ያገኘው ቶርላይቭ ስለሞተ መሆኑን ሲያስብ ግን መጥረጊያውን መልሶ ጥግ ያስደግፈው ነበር።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሁሉም በደስታ እጁን ካወጣ በኋላ ዳቦ ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃልቫን ከተሰለፈ ማን ነው የሚያየን?»

ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

«ባንታይስ ምን አለበት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ታዲያ ማን አየኝ ብዬ ነው በዚያ ብርድ ካልሲ በካልሲ ደርቤ የምወጣው?» አለች የመዘምራኑ መሪ።

«ቄሱ ይዩን እንግዲህ።»

«እኔማ ጸሎት አለብኝ፤ ደግሞም እግዚአብሔር ያየናል» አሉ ቄሱ።

«እግዚአብሔር ለርቮዮችንም ያያል አባታችን፤ እኛ የራሳችን ሰው ነው የምንፈልገው።»

«ከቼዝ ክለቡ አንዱ ይቁም» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ሁለቱ አባላት ከአዳራሹ ሁለት ጫፍ እኩል ጣታቸውን ወደዚያኛው ቀሰሩ።

ዞረው ዞረው ሰው አጡ። ደረጃ ላይ መቆም በስካርቪካ ቅጣት ነበር፤ ሃልቫን የቆመውም ተቀጥቶ ነው ብለው ነው የሚያምኑት። እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሰማ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስቆም ውኃ እንኳ ያቀበለኝ የለም፤ ዛሬ ተመልካች ወርቅ ሆነ?» አለና ወጣ። ውስጡ ግን ትንሽ ሞቅ ብሎታል።

መፍትሔውን ያመጣችው ቦርጊል ናት። ዴትሌፍና ኡሺ የሚባሉ ጀርመናዊ ባልና ሚስት በየዓመቱ በሜይ ባለ ጎማ ቤታቸውን በመኪና እየጎተቱ ለዓሣ ማጥመድ ይመጡ ነበር። ሄዳ ለመነቻቸው።

«ምን እንድናደርግ ነው?» አለ ዴትሌፍ።

«ምንም። እዚያ ደረጃ ላይ ቆማችሁ እዩን።»

«እስከ መቼ?»

«እስክናልፍ። ቋሊማና አይስክሬም በነጻ ነው።»

ጀርመኖቹ ነገሩን እንደ አደራ ያዙት። በበዓሉ ዋዜማ መጥተው ደረጃው ላይ ቆመው ተለማመዱ። ኡሺ ሃልቫንን ጠርታ፣ እጅ ሲታጠፍ ቀኙ ነው ከላይ የሚሆነው ወይስ ግራው ብላ ጠየቀችው። ሃልቫን አስቦበት ስለማያውቅ እጁን አጥፎ አየና «ግራው» አላት።

ቀኑ ደረሰ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በአግድም ይመጣል፤ ማለትም ደህና የበዓል አየር ነበር። በትምህርት ቤቱ ግቢ ራግና በጥቁር ቀሚሷ መጣችና የባንዲራውን ማንገቻ ቀበቶ ለሃልቫን ሰጠችው።

«የሱ ነው። ላንተ ስለሚጠብ አንድ ቀዳዳ ጨምሬበታለሁ» አለችው።

ሃልቫን አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ የወጣው «አመሰግናለሁ» ብቻ ነበር። ራግና ከኋላው፣ ከባንዱ ፊት፣ ሁልጊዜ በምትሄድበት ቦታዋ ቆመች።

ሄዱ። ዘንጉ ቀጥ ብሏል፤ ነፋሱ ቢገፋውም ሃልቫን ጥርሱን ነክሶ ያዘው። የባለሱቁ ደጅ ሳይደርሱ ግን አንድ ነገር ገባው፤ ባንዲራ ያዥ ምንም አያይም። የሚያምረው ሁሉ ከኋላው ነው። ሳቁን ይሰማል፣ ማን እንደሳቀ አያውቅም። አንዱ ሕፃን ባንዲራው ወድቆበት ሲያለቅስ ይሰማል፣ መዞር አይችልም። ከደረጃው ላይ ሆኖ ማን እንዳደገ፣ ማን እንደከሳ፣ ማን አዲስ ኮት እንደገዛ፣ የቱ ከየትኛዋ አጠገብ መሄድ እንደጀመረ ሁሉን ያውቅ ነበር። እዚህ ፊት ለፊቱ ያለው እርጥብ መንገድና አጥር ነው። ይቺን ነው ወይ ይሄን ሁሉ ዘመን የቀናሁባት አለ በልቡ።

ሱቁን ሲያልፍ የራሱ ቤት ታየ። ደረጃው ላይ ሰው የለም።

ጀርመኖቹ አላጠፉም። ከማለዳ ጀምሮ ግራ እጃቸውን ከላይ አድርገው ቆመው ነበር። ባንዱን ሲሰሙ ጓጉተው በአጥሮቹ ጀርባ ጥቂት ወደ ላይ ወጡ፤ ባንዲራው ካለፈ በኋላ መንገድ ዳር ብቅ ሲሉም ከሰልፉ መሐል «ኑ፣ ምን ያስቆማችኋል? ግቡ ግቡ» የሚል ድምፅ መጣ። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ሁሉም ሳይል አልቀረም። የስካርቪካ ሰው መንገድ ዳር የቆመ ፍጡር ካየ ሳያሰልፍ አያልፍም፤ ልማዱ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ዴትሌፍና ኡሺ አሁን የውሻ ወዳጆች ማኅበር ውስጥ የሰው ውሻ ይዘው በደስታ ይራመዳሉ።

ሃልቫን ቆመ። እሱ ሲቆም ሁሉም ቆመ፤ ቱባው ከከበሮው ጀርባ ጋር ተጋጨ። «ምን ሆነ?» ያለ ሰው የለም። ባንዱ ባለበት እየረገጠ መንፋቱን ቀጠለ።

ቦርጊል ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣች።

«ጋሽ ሃልቫን፣ ደህና ነህ? ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እኮ ነው።»

«መንገዱን አውቀዋለሁ። ተመልካች የለም።»

«ጀርመኖቹስ?»

ከኋላ፣ ከውሾቹ መሐል፣ ሁለት እጆች ተነሥተው «ሁራ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቦርጊል ግንባሯን ያዘች።

«ማን ነው ያስገባቸው?»

«እኔ ብቻ አይደለሁም» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሃልቫን አልሰማቸውም። ዓይኑ ባዶው ደረጃ ላይ ነበር። ከትምህርት ቤቱ እስከዚህ ድረስ የሚታይ ፊት አንድም አልነበረም፤ ባንዲራ የያዘ ሰው በዚህ መንገድ ሁሉ የሚያየው የሰው ፊት ቢኖር እዚህ ደረጃ ላይ ያለው ብቻ ነው። ቶርላይቭ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ፊት ሊያይ ነበር የሚመጣው፤ ያም ፊት የሃልቫን ነው፣ ያውም የተኮሳተረው።

ራግና ቀርባ ክርኑን ነካችው።

«ምን አቆመህ?»

«ራግና፣ እሱ እዚህ ሲደርስ የሚያየው እኔን ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ማንን ሊያይ ኖሯል?»

«እኔ ደግሞ ተጣሟል እለዋለሁ። ሌላ ነገር ብዬው አላውቅም።»

ራግና አየችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ የሐዘን ልብስ ለብሳ እንዲያ ስትስቅ ቦርጊል ደነገጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንደ ሻማ ቀጥ አድርጎ ነበር እኮ የሚያመጣው። ከኋላው የነበርኩት እኔ አይደለሁ? እዚች ደጅ ሲደርስ ብቻ ግራ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋታል።»

«ለምን?»

«እንድትናገረው ነዋ። አንድ ዓመት፣ ተው ቀጥ አድርገህ እለፍበት፣ ይፈር ስለው፣ ‹ቀጥ ካለ ምን ይለኛል? ዝም ነው የሚለኝ› አለ። ሁልጊዜ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚለኝ ‹ተናገረኝ እኮ› ነው። ከዚያ በኋላ ነው ምግብ የሚበላው።»

ሃልቫን አለቀሰ። ከተማው ሁሉ ከኋላው ቆሞ፣ ባንዱ እየነፋ፣ ሁለት እጁ ዘንጉ ላይ ስለሆነ እንባውንም አፍንጫውንም መጥረግ ሳይችል እንደ ሕፃን አለቀሰ። ራግና በሻሿ ጫፍ ጠረገችለት። «በል ተናፈጥ፣ ሰው እያየ ነው» አለችው።

«የሚያይማ የለም» አለ ሃልቫን። ቀበቶውን ፈትቶ አንገቷ ላይ አጠለቀላትና ዘንጉን ሰጣት። «አንቺ ያዢው። እኔ ልያችሁ።»

ደረጃውን ወጥቶ ፊቱን አዞረ። ራግና ዘንጉን በሁለት እጇ አንሥታ ስታልፍ «ከባሏ ትሻላለች» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ በኋላ አፉ ሊዘጋ አልቻለም። ለቱባ ነፊው ባለፈው ዓመት ከነፋው ዘንድሮ እንደሚሻል ነገረው። ለመዘምራኑ መሪ ቀሚሷ ከእናቷ ይልቅ በእሷ ላይ እንደሚያምር፣ ለዳቦ ጋጋሪው ሆዱ ከሰልፉ ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ለቦርጊል ከጋሪዋ ወጥታ በእግሯ የሄደችበትን የመጀመሪያ ዓመት እንዳልረሳው፣ ለቼዝ ክለቡ ደግሞ አንዱ ለሌላው እጁን ካልሰጠ ነገ ራሱ መጥቶ ጠረጴዛውን እንደሚሰብረው። ያን ሁሉ ዓመት ያየውን ሁሉ አወጣው።

የራሱን የሰማ ሁሉ የሚቀጥለው ምን እንደሚባል ለመስማት ከሰልፉ ወጥቶ አጥሩ ዳር ቆመ። እዚያ ቆሞም ቀና ሲል፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የስካርቪካን ሰልፍ አየ። «እንዴ፣ ያምራል እኮ» አለች አንዲት ሴት፤ አጠገቧ ያለችው «የኔ ልጅ እንዲህ ነው እንዴ የሚረግጠው?» አለች። ሰልፉ ከላይ እየቀለጠ ወደ አጥሩ ፈሰሰ። በመጨረሻ ራግና ባንዲራውን ይዛ፣ ባንዱን አስከትላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስትደርስ ከባንዱ ኋላ የቀሩት ውሾቹና ሁለቱ ጀርመኖች ነበሩ። ዴትሌፍና ኡሺ መንገዱን ሙሉ ሕዝብ ግራና ቀኝ ቆሞ ሲያጨበጭብላቸው በማየታቸው ይህች አገር እንግዳ አክባሪ ናት እያሉ እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በስካርቪካ ግማሹ ሲሰለፍ ግማሹ ያያል፤ ቢጫው ቤት ጋ ሲደርሱ ይቀያየራሉ። ለርቮዮች «ሰልፋቸው በግማሽ አጠረ» ይላሉ። ይበሉ።

በዓሉ ሲያልቅ ራግና ባንዲራውን ጠቅልላ ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ መንገድ ስትጀምር ሃልቫን ተከተላት፣ ሳትሰጠውም ዘንጉን ተቀበላት። ደጇ እስኪደርሱ ድረስ፣ ያን ሁሉ ሲለፈልፍ የዋለው ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ራግና በሩን ከፍታ ገባች። እሱ ደፉ ላይ ዘንጉን ይዞ ቆመ።

«በክረምቱ ልመጣ ነበር» አለ። «ነገ፣ ነገ ስል ሳልመጣ ቀረሁ። ዘገየሁ፣ ራግና።»

«ዘግይተሃል» አለች ራግና፤ እውነት ስለሆነ ሌላ ልትለው አልቻለችም። ኮቷን አውልቃ ሰቀለችና ዞር አለች። «ግባና በሩን ዝጋው፣ ብርድ እያስገባህ ነው።»